ደረቱንስ ማን አየው?

በዚህ የቤተሰብ ማዕዘናችን ከአሁን ቀደም ስለ ሕፃናት ክትባት፣ ስለ ጓዳ ንጽሕናና ስለ ደመወዝ አያያዝ ስንጽፍ ቆይተናል። በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ጉዳይ ግን ልጁ ከመወለዱ በፊት የሚጀምር ነው። ይኸውም ነፍሰ ጡር እናት በአልትራሳውንድ ስትመረመር የፅንሱ ልብና ደረት እንዴት እንደሚታይ፣ መታየቱስ ምን እንደሚበጅ ነው። ወደዚህ ጉዳይ የመራን በጁባ ከተማ፣ ማላኪያ በተባለው ሠፈር የሚገኝ የአንድ የቀድሞ የሠራዊታችን ባልደረባ ቤት ነው።

ማላኪያ ከጁባ ነባር ሠፈሮች አንዱ ነው። ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን የሲቪሎች ሠፈር እንደ ማለት ነው። እንግሊዝና ግብፅ ሱዳንን በጣምራ ይገዙ በነበረበት ዘመን፣ በየጦር ሠፈሩ አጠገብ ከውትድርና የተሰናበቱ ወታደሮች ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር እንዲሁም ነጋዴዎች የሚኖሩበት መንደር በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ዛሬ በከተማው የሚነገረው የጁባ ዐረብኛም ቢሆን ሥሩ ከእነዚያ የጦር ካምፖች ነው። ከ1997 ዓ.ም. የሱዳን የሰላም ስምምነት ወዲህ ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለንግድና ለምግብ ቤት ሥራ ወደ ጁባ ገብተዋል። ስለዚህ ከሠራዊታችን በክብር የተሰናበቱ አንድ ሃምሳ አለቃ በዚሁ ሠፈር ቤት ተከራይተው፣ ከባለቤታቸው ጋር ምግብ ቤት ከፍተው ብናገኛቸው እምብዛም አልተገረምንም። የወታደር ሠፈር ወታደርን ይስባል።

በሰላም ማስከበር ግዳጅ ላይ ሳለን፣ በእረፍት ቀናችን እንጀራ ሲናፍቀን ወደዚያች ቤት ጎራ እንል ነበር። ወይዘሮዋ ሦስተኛ ልጃቸውን ፀንሰው ነበር፤ የፊተኞቹ ሁለት ሴቶች ልጆች አገር ቤት ከአያታቸው ዘንድ ናቸው። በምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከቀን መቁጠሪያው ጎን፣ አንዲት ጥቁርና ነጭ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፋ ነበር። በአምስተኛው ወር በአንድ ክሊኒክ የተነሣች የአልትራሳውንድ ምስል ናት። ሃምሳ አለቃው ለገባው ደንበኛ ሁሉ እያሳዩ፣ «መቶ አለቃ፣ እስቲ ይመልከቱ፤ ወንድ ነው ብለውኛል» ይሉ ነበር። እኛም ተጠግተን ብናይ ከደመና በቀር ያየነው ነገር አልነበረም፤ ሆኖም ደስታቸውን ላለማደብዘዝ «እርስዎን ይመስላል» አልናቸው።

በሰባተኛው ወር መገባደጃ ላይ የወይዘሮዋ ሆድ ከወሩ በላይ ገፋ። ጎረቤቱ ሁሉ መንታ ነው አለ። ወደ ሐኪም በሄዱ ጊዜ ግን መንታ ሳይሆን የሽርት ውኃው ከመጠን በላይ መብዛቱ ታወቀ። ሐኪሙ ይህንኑ ብቻ ጽፈው አላሰናበቷቸውም። ፅንስ የሽርቱን ውኃ ዘወትር ይውጣል፤ መዋጡ ከታወከ ውኃው ይበዛልና፣ ምክንያቱን ፍለጋ መሣሪያውን ወደ ፅንሱ ደረት አዞሩ። በዚያም ልብ በግራ መሆኑ ቀርቶ ወደ ቀኝ ተገፍቶ፣ ከጎኑም ውኃ የቋጠረ ጥቁር ከረጢት ተቀምጦ አገኙ። ከረጢቱ ጨጓራ ነበር። ደረትን ከሆድ የሚለየው ድያፍራም የተባለው ጡንቻ በግራ በኩል ሳይዘጋ በመቅረቱ፣ የሆድ ዕቃው ወደ ላይ ወጥቶ የሳንባውን ቦታ ይዟል።

ወደ ምግብ ቤቱ ተመልሰን ያችን ወረቀት ደግመን አየናት። ስሕተት አልነበረባትም። ወንድነቱን ለማሳየት የተነሣች በመሆኗ ደረቱ በውስጧ የለም። ሃምሳ አለቃውም ወረቀቷን በጣታቸው እየነኩ፣ «መቶ አለቃ፣ ያን ጊዜ ባውቀውስ ኖሮ ምን አደርግ ነበር? ሦስት ወር ቀድሜ ከማልቀስ በቀር» አሉን። በዕለቱ መልስ አልነበረንም። የሚከተለው ከሐኪሞች ጠይቀንና አንብበን ያገኘነው ነው።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል፤ ወታደር አንባቢያችን ዘመዱን ሊያገኝበት ይችላልና። በባሕር ውስጥ የተሸሸገን ሰርጓጅ መርከብ ድምፅ ልኮ፣ የገደል ማሚቶውን ተቀብሎ የማግኘት ጥበብ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዘመን የዳበረ ነው። የብረት ፋብሪካዎችም ይህንኑ ዘዴ በብረት ውስጥ የተሸሸገ ስንጥቅ ለመፈለግ ይጠቀሙበት ጀመር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ በሐኪምነት ያገለገሉት ኢያን ዶናልድ፣ በኋላ በግላስጎው የማዋለድ ሕክምና ፕሮፌሰር ሲሆኑ፣ ከሴቶች ማኅፀን የወጡ እጢዎችን ይዘው የእንፋሎት ጋን ወደሚሠራ ፋብሪካ ሄዱና በብረት መመርመሪያው ሞከሯቸው። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ከሐኪሙ ከጆን ማክቪካርና ከመሐንዲሱ ከቶም ብራውን ጋር ሆነው የምርምራቸውን ውጤት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። በጉልምስና ዕድሜው የጦር መርከብ ያዳነ ጥበብ እንዲህ አድርጎ ማኅፀን ገባ።

የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገብ ድምፅ አይሰማም። የአልትራሳውንዱ መዳሰሻ የሚልከው ድምፅ በሴኮንድ ሚሊዮን ጊዜያት የሚርገበገብ ነው። በሆድ ላይ የሚቀባው ቀዝቃዛ ቅባትም በመዳሰሻውና በቆዳው መካከል አየር እንዳይገባ ነው፤ ይህ ድምፅ አየርን አልፎ መሄድ አይሆንለትምና። ውኃ ጥቁር፣ አጥንት ነጭ፣ ሥጋ ግራጫ ሆኖ ይታያል። የራጅ ጨረር የለበትም። አንዳንድ እኅቶቻችን ከራጅ ጋር እያመሳሰሉ መፍራታቸውን ስለምናውቅ ይህን አጥብቀን እንናገራለን።

አየርን ያነሣነው በከንቱ አይደለም። የተወለደ ሰው ሳንባ አየር የሞላው ስለሆነ ድምፁን ያግደዋል። የፅንስ ሳንባ ግን በፈሳሽ የተሞላ ነው፤ ስለዚህ ድምፁ አልፎት ይሄዳል፣ ደረቱም ይገለጣል። የአንድ ሰው ደረት በዚህ መሣሪያ እንደ ማኅፀን ዘመኑ የሚታይበት ጊዜ የለም ለማለት ይቻላል።

የፅንስ ልብ መምታት የሚጀምረው ገና በስድስተኛው ሳምንት ገደማ፣ ብዙ እናቶች መፀነሳቸውን እንኳ በቅጡ ሳያውቁ ነው። በአሥረኛው ሳምንት ግድም ዋና ዋና ክፍሎቹ ተሠርተው አልቀዋል። ሆኖም በዚያን ጊዜ እጅግ ታናሽ ስለሆነ፣ ለመመርመር የሚመቸው ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ይህም አምስተኛው ወር መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ልቡ ከአንዲት የወይን ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። ከዚያ ዘግይቶ የሄደ ሰው ምንም አያይም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን አጥንቱ እየጠነከረ ጥላውን ይጥላል፣ ፅንሱም እያደገ መገላበጫ ያጣል።

መርማሪው አስቀድሞ የፅንሱ ግራና ቀኝ የትኛው እንደሆነ ይለያል። ከዚያም ልብና ጨጓራ ሁለቱም በግራ መሆናቸውን ያያል፤ ልብ ከድያፍራሙ በላይ፣ ጨጓራ ከበታች። ልቡ ከደረቱ ስፋት አንድ ሦስተኛውን ያህል መያዝ አለበት፤ ጫፉም ወደ ግራ 45 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ከዚህ በልጦ ቢያብጥ ወይም ወደ ሌላ ወገን ቢዞር የገፋው ነገር አለ ማለት ነው። ቀጥሎም አራቱ ክፍሎች፣ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች፣ መጠናቸው የተመጣጠነ መሆኑን፣ ግድግዳዎቹ በመካከል እንደ መስቀል መገናኘታቸውን፣ በሮቹም በየምቱ መከፈት መዘጋታቸውን ይመለከታል። ምቱ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ይደርሳል። ለኛ ቢሆን የሩጫ ልብ ነው፤ ለፅንስ ግን የእረፍት ምቱ ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ቦታ የሚቀር አንድ ነገር አለ። አራቱን ክፍሎች ብቻ አይቶ መነሣት ከብዙ የልብ ጉድለቶች ያዘናጋል። ከልብ የሚወጡት ሁለት ታላላቅ የደም ቧንቧዎች፣ አንዱ ወደ ሳንባ ሌላው ወደ መላው አካል የሚሄዱት፣ ሲወጡ እርስ በርሳቸው መሻገር አለባቸው። ቦታቸውን ተለዋውጠው ጎን ለጎን ከወጡ፣ አራቱ ክፍሎች ፍጹም ደኅና መስለው ሳሉ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ በአየር ያልታደሰ ደም በሰውነቱ ይዞራል። ስለዚህ ጎበዝ መርማሪ ከልቡ ወጥቶ ቧንቧዎቹን ይከተላል።

ሳንባውስ? ሳንባ የሚያድገው ቦታና ውኃ ሲኖረው ነው። ፅንሱ በማኅፀን ሳለ አየር ባይኖርም ደረቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ የመተንፈስ ልምምድ ያደርጋል፤ ይህም በመሣሪያው ይታያል። ወታደር ባዶ ጠመንጃ ይዞ እንደሚለማመደው ነው ብንል አያስቀይምም። የሽርት ውኃው ለረጅም ጊዜ ካነሰ ወይም እንደ ማላኪያው ሕፃን የሆድ ዕቃ ቦታውን ከያዘበት፣ ሳንባው ታናሽ ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ልቡ የተጓደለ ወይም ሳንባው የተጨቆነ ፅንስ ለምን በእናቱ ሆድ ደኅና ሆኖ ያድጋል? ለምንስ ይራገጣል? ሃምሳ አለቃውም «እንዲህ እየተራገጠ እንዴት ታመመ ይሉኛል» ብለውን ነበር። ምክንያቱ ፅንስ በሳንባው የማይተነፍስ መሆኑ ነው። አየሩንም ምግቡንም በእትብቱ አማካይነት ከእናቱ ደም ያገኛል። በልቡ ውስጥ ሳንባን አልፎ የሚያሻግር መስኮት አለ፤ ከልቡ ውጭም ሁለቱን ታላላቅ ቧንቧዎች የሚያገናኝ አጭር መንገድ አለ። ችግሩ የሚጀምረው እትብቱ በተቆረጠባት ደቂቃ ነው። መስኮቱ ይዘጋል፣ አጭሩም መንገድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠባል። በዚያ መንገድ ተደግፎ ይኖር የነበረ የታመመ ልብ ድጋፉን ያጣል። ቤተሰቡ እልል ብሎ ገንፎ ካገነፋ በኋላ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሕፃኑ ይጠቁራል፣ ጡት አልይዝ ይላል። መንገዱ እንዳይዘጋ የሚያደርግ መድኃኒት አለ፤ ግን ቀድሞ የተዘጋጀ ሰው እጅ መገኘት አለበት።

የድያፍራሙ ጉዳይ ከዚህ ይልቅ ልብ ይነካል። አንድ ሕፃን ተወልዶ መተንፈስ ሲያቅተው አዋላጇ የምታደርገው የታወቀ ነው፤ በአፍና በአፍንጫው ላይ ጭንብል ደፍታ አየር ትነፋለታለች። በዚህም ስንት ሕፃናት ይተርፋሉ! ጨጓራው በደረቱ ውስጥ ያለ ሕፃን ግን በጭንብል የተነፋለት አየር ከፊሉ ወደዚያው ጨጓራ ይገባል፤ ጨጓራውም እየተነፋ የቀረችውን ሳንባ ይጨቁናል። ለዚህ ሕፃን የሚበጀው በጉሮሮው በኩል ቱቦ ወደ መተንፈሻው ማስገባት፣ ሌላ ቱቦ ደግሞ ጨጓራውን እንዲያስተነፍስ ማድረግ ነው። ስለዚህ ያላወቀች ትጉህ አዋላጅ በደግነቷ ትጎዳዋለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአምስተኛው ወር ደረቱን ያየና በካርዱ ላይ አንድ መስመር የጻፈ ሰው ነው።

የሃምሳ አለቃውን ጥያቄ አሁን ብንመልስ እንዲህ እንላለን። በአምስተኛው ወር ቢያውቁት ኖሮ ያለቅሱ ነበር፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን የት እንደሚወለድ ለመምረጥ አራት ወር ይኖራቸው ነበር። እንደሆነው ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ የምግብ ቤቱን ማቀዝቀዣ በግማሽ ዋጋ ሸጡ፣ የዕቁብ ተራቸው ቀደም እንዲልላቸው ዳኛውን ለመኑ፣ አየር መንገዶች ወሯ የገፋ ነፍሰ ጡርን ያለ ሐኪም ወረቀት ስለማይጭኑ ለወረቀቷም ተንከራተቱ። ጥቂት ዘግይተው ቢሆን ወረቀቱም አይጠቅማቸውም ነበር።

ስለ ቦታው ያለውን እውነት መሸሸግ አይገባም። ደቡብ ሱዳን እናቶች በወሊድ ከሚሞቱባቸው የዓለም አገሮች በግንባር ቀደምትነት ከሚጠቀሱት አንዷ ናት። የጁባ ሐኪሞችና አዋላጆች በዚህ ሸክም ሥር የሚሠሩ ስለሆኑ፣ በክሊኒኩ የነበረውን መርማሪ ለመውቀስ ብዕራችን አይነሣም። ታናሽ መሣሪያ ይዞ ፅንሱ ሕያው መሆኑን፣ ቁጥሩንና አቀማመጡን ማየት ራሱ ሕይወት አድን ሥራ ነው። እኛም አገር በብዙ ጤና ጣቢያዎች አዋላጅ ነርሶች ሠልጥነው የሚሰጡት ምርመራ ይኸው ነው። ልብና ደረትን መመርመር ግን ሌላ ምርመራ ነው፤ ረዘም ያለ ጊዜ፣ የተሻለ መሣሪያና የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል። ወላጆች ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥረው «አልትራሳውንድ ተነሥታለች» ብለው ይረጋጋሉ። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው እንላለን።

በአካባቢው የልብ ቀዶ ሕክምና ጎዳናም ጠባብ ነው። በካርቱም አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የሰላም የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል ከጎረቤት አገሮች የመጡ በሽተኞችን በነጻ ሲያክም ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በካርቱም የፈነዳው ጦርነት ግን ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ አስጨናቂ አደረገው። በአገራችን ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረቱት የሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማኅበር ከሃያ ዓመት ልፋት በኋላ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉን ለማስከፈት በቅቷል። ተራ የሚጠብቁ ሕፃናት ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ደግሞ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች በእናትና በፅንስ ሕክምና ልዩ ሥልጠና ያገኛሉ። ተራው ረጅም፣ ባለሙያውም ጥቂት በሆነበት አገር አስቀድሞ ማወቅ ቅንጦት ነው የሚሉን አሉ። እኛ ተቃራኒው ይመስለናል። ሁሉ በቅርብ ላለው ሰው መዘግየት ይቅር ይባልለታል፤ ለኛ ግን መንገዱ ራሱ ሳምንታት ይወስዳል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል። እንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ከሆነ በአምስተኛው ወር ይሁን፤ ገንዘቡም ጾታን ለማወቅ ብቻ አይውጣ። በየካምፑ ያላችሁ እኅቶቻችን ስትመረመሩ፣ «ልቡንና ደረቱን አይታችሁታል ወይ? ጨጓራው በቦታው ነው ወይ? ከልቡ የሚወጡት ቧንቧዎች ታይተዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱም በካርዱ ላይ ይጻፍላችሁ። «እዚህ አይታይም» ቢሏችሁ አትቆጡ፤ የሚታይበትን ቦታ ጠይቃችሁ በካምፑ ክሊኒክ በኩል ሪፈር አጽፉ። ቀድሞ የልብ ሕመም ያለበት ልጅ የወለደች፣ እርሷ ወይም ባሏ ከልጅነት የልብ ጉድለት ያለባቸው፣ ከመፀነሷ በፊት የስኳር ሕመም የነበረባት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ እናት ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ አጥብቃ ትጠይቅ። መድኃኒቱን በራሷ ታቋርጥ ማለታችን ግን አይደለም፤ ይህን ከሐኪሟ ጋር ብቻ ትወስን።

ባልም በግዳጅ ላይ ቢሆን ስልክ አለ። ከግንባር ደውሎ «ወንድ ነው ሴት?» ብሎ የሚጠይቅ ጓዳችን «ደረቱንስ ማን አየው?» ብሎ ቢጨምር ሳንቲም አይጨምርበትም። አማቶችና አክስቶች ክፉ መፈለግ ሟርት ነው እያሉ መቆጣታቸውን እናውቃለን፤ በቤታችንም ያደግንበት ነው። ያም ሆኖ ወሊድ ሊደርስ ሲል ገንፎውንና ቅቤውን ቀድመው የሚያዘጋጁት እነዚሁ እናቶች ናቸው።

ምርመራው ሁሉን አያሳይም። ታናናሽ ቀዳዳዎች ያመልጣሉ፣ ፅንሱ ጀርባውን ሰጥቶ የሚተኛበት ቀን አለ፣ ከመወለድ በኋላ ብቻ የሚገለጥ ጉድለትም አለ። ደኅና ነው የተባለ ሕፃን ከተወለደ በኋላ ጡት ሲጠባ የሚደክመው፣ የሚያልበው ወይም ከንፈሩ የሚጠቁር ከሆነ በማኅፀን ታይቷል ብሎ መዘናጋት አይገባም። በተቃራኒውም ከባድ ጉድለት ተገኝቶ ሐኪም እጁን የሚሰበስብበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ወላጆች የሚወስኑትን ከሐኪማቸው ጋር ይወስናሉ፤ ከዚህ ዓምድ የሚሰጥ ትእዛዝ የለም።

ይህ ጽሑፍ ለኅትመት በሚዘጋጅበት ሳምንት ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለልን። ሕፃኑ በ38ኛው ሳምንት ተወልዷል። የሚጠብቁት ሐኪሞች ጭንብሉን ትተው ቱቦውን አስገብተዋል፤ በስድስተኛው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ጨጓራው ወደ ሆዱ ተመልሷል፣ ቀዳዳውም ተሰፍቷል። ሃምሳ አለቃው የደረቱን ራጅ በስልካቸው አንሥተው ልከውልን፣ «መቶ አለቃ፣ ልቡ ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው ይላሉ፤ እርስዎስ ይታይዎታል?» ሲሉ ጠየቁን። አሁንም ቢሆን ከደመና በቀር ያየነው ነገር የለም። ወይዘሮዋ ወተታቸውን እያለቡ በቀጭን ቱቦ ይሰጡታል። ጡት መጥባት ገና አልጀመረም።